የጠጉራም ውሻ አያያዝና የቤተሰብ ጤና

በአዊ ምድር ከቤት እንስሳት ሁሉ ማዕረጉ ከፍ ያለው ፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ጋማው የተበጠረ፣ ገላው የታጠበ፣ በጌጥ ያሸበረቀ ፈረስ ከየአቅጣጫው ወደ እንጅባራ ይጎርፋል። ቀኑ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው የሚዘከሩበት በመሆኑ፣ ለፈረሱ የሚደረገው እንክብካቤ የባለቤቱ ክብር መለኪያ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ የሚያደንቀው ውበቱን ነው። ባለ ፈረሱ ግን ኮርቻውን ባወረደ ቁጥር እጁን በፈረሱ ጀርባ ላይ የሚያሳልፈው ለውበት ብሎ አይደለም። ከኮርቻው ሥር ገጣባ ጀምሮ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ገጣባ በዓይን ከመታየቱ በፊት በእጅ ይታወቃልና።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ርእሳችን ፈረስ ሳይሆን በአንዳንድ ቤቶች ከልጆች ጋር የሚያድገው ትንሹ ጠጉራም ውሻ ነው። በባለ ፈረሱ እጅ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ ፈረሱ የሚያውቀውን ነገር ብዙ ባለ ውሻ ዘንግቶታል።

አንዲት በእንጅባራ የሚኖሩ የሁለት ልጆች እናትና የቢሮ ሠራተኛ የደረሰባቸውን እንዲህ ሲሉ አጫውተውናል። ውሻውን ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው ወንድማቸው ነው። ነጭ፣ ጠጉሩ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ከድመት እምብዛም የማይበልጥ ቡችላ ነበር። ልጆቹ ቡቺ ብለው ስም አወጡለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ ያጥቡታል፣ ያበጥሩታል፣ አብረውት ይጫወታሉ። በኋላ ግን ትምህርት ተከፈተ፣ የእናትየው ሥራ በዛ፣ ቀጥሎም ክረምት ገባ። ማበጠሪያው ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ አቧራ ጠጣ። ውሻው ይበላል፣ ይጮኻል፣ በር ላይ ይተኛል። ከላይ ሲታይ ጠጉሩ ያው ነጭ ነው። ማንም ጎደለ ያለው ነገር አልነበረም።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ማታ የሰባት ዓመት ልጃቸው እንደ ልማዱ ውሻውን አንገቱን አቅፎ ጆሮውን ሳብ ሲያደርገው፣ ያ የዋህ ውሻ ዘወር ብሎ የልጁን እጅ ነከሰው። ቤቱ ተረበሸ። አባትየው፣ «ይህ ውሻ ዛሬ ከዚህ ቤት ይውጣ!» አሉ። ጎረቤትም፣ «አብዶ ይሆናል፣ በገመድ እሰሩት» አለ። እናትየው ግን በመጀመሪያ የልጃቸውን ቁስል በሚወርድ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አጠቡ። ከዚያም ልጁን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። በማግሥቱ ውሻውን በቅርጫት ይዘው ወደ እንስሳት ሕክምና ሄዱ።

ባለሙያው የውሻውን ጆሮ ገልበጥ ሲያደርግ፣ ከጆሮው ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ እንደ ባና የጠጠረ የጠጉር ትብትብ ተገኘ። በመላጫ መኪና ቀስ ብሎ ሲያነሳው ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ እዥ ቋጥሮ፣ መሽተት ጀምሯል። ልጁ በዚያ ምሽት የያዘው ጆሮውን ሳይሆን ቁስሉን ነበር።

ውሻው በዚያው ዓመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደና ወረቀቱም ያለው ስለነበረ፣ ለ10 ቀን ተለይቶ በክትትል እንዲቆይ ተደረገ። አሥሩ ቀን ሲሞላ ጤነኛ ነበር። ልጁም የጤና ባለሙያዎች ያዘዙለትን ፈጸመ። እናትየው ይህን ሲያጫውቱን መጨረሻ ላይ የተናገሩት ቃል ነው ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳን። «በየቀኑ አበላው ነበር፣ በየቀኑ አየው ነበር። እጄ ግን ጆሮው ሥር ስንት ወር ሙሉ አልደረሰም» አሉን።

ትብትብ ከየት ይመጣል?

አጭር ጠጉር ያለው ያገራችን ውሻ የሞተ ጠጉሩ ራሱ ይረግፋል። ረዥም ጠጉር ባለው ውሻ ግን የሞተው ጠጉር መሬት አይወርድም። በረዥሙ ጠጉር መካከል ተይዞ ይቀራል። ውሻው ሲተኛ፣ ራሱን ሲያክ፣ በዝናብ ሲረጥብና መልሶ ሲደርቅ፣ የሞተው ከሕያው ጋር ይጠላለፍና ይጠጥራል። መጀመሪያ እንደ ምስር ፍሬ ነው፤ ካልተፈታ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደ ለውዝ፣ ከዚያም እንደ እንቁላል ይሆናል። ትብትቡ ባደገ ቁጥር ውሻው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ሁሉ ቆዳውን ይጎትተዋል። ከሥሩ አየር አይገባም፣ እርጥበት ይታመቃል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ይቆስላል። መዥገርና ቁንጫም ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኙም። ትብትብ እንግዲህ የጠጉራም ውሻ ገጣባ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ በእንጅባራ ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ክረምቱ ረዥም፣ ዝናቡም የበዛ ደጋ ነው። የረጠበ ጠጉር በብርድ ቶሎ አይደርቅም። ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በዳንግላ አየሩ ለዘብ ቢልም ጭቃው ያው ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በየአጥሩ ሥር የደረቀው ጭጎጎት በውሻው እግርና ሆድ ላይ ይጣበቃል። አንዷ የጭጎጎት ፍሬ ሳትነቀል ካደረች ለአዲስ ትብትብ መነሻ ትሆናለች።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ዕቃ አያስፈልግም። ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ፣ ጫፉ የማይዋጋ የብረት ማበጠሪያ አንድ፤ ባለ ሽቦ የጠጉር ብሩሽ አንድ፤ መዥገር ለመንቀል ወረንጦ፤ ንጹሕ ፎጣ፤ ይኸው ነው። የብረቱ ካልተገኘ ጥርሱ ሰፊ የሆነ ሚዶም ያገለግላል። ሆኖም ለውሻው የተለየ ዕቃ ከልጆች ማበጠሪያ ጋር እንዳይደባለቅ ለብቻው በከረጢት ተሰቅሎ መቀመጥ ይኖርበታል።

እንዴት ይበጠራል?

በየቀኑ 10 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ካልተቻለ በየሁለት ቀኑ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን እሑድን ጠብቆ አንድ ሰዓት ሙሉ መታገል ለውሻውም ለሰውም ሥቃይ ነው። ውሻው ከሮጠና ከደከመ በኋላ በጭንዎ ላይ ወይም በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ያስተኙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የላይኛውን ጠጉር ብቻ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መተው ላይ ነው። ከላይ የተበጠረ ውሻ ከሥር ሊታበት ይችላል። ስለዚህ ልክ የልጅዎን ጠጉር ለሹሩባ እንደሚከፍሉ፣ የውሻውንም ጠጉር በአንድ እጅ ወደ ላይ ገልበጥ አድርገው ይያዙና ከሥር ቆዳው እስኪታይ በቀጭን በቀጭን እየከፈሉ ያበጥሩ። ከሆድ ይጀምሩ፣ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ጀርባ ይውጡ። መጀመሪያ የጠጉሩን ጫፍ፣ ቀጥሎ መካከሉን፣ በመጨረሻ ሥሩን ያፍታቱ። ከሥር ጀምሮ መሳብ ትብትቡን ያጠብቀዋል። ብሩሹ ካለፈ በኋላ በማበጠሪያው ይድገሙት። ማበጠሪያው ሳይያዝ ካለፈ ያ ቦታ አልቋል።

ትብትብ የሚወድባቸውን ስፍራዎች አይርሱ። እነርሱም ከጆሮ ሥር፣ በአንገት ማሰሪያው ሥር፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ ከኋላ እግሮቹ በስተኋላ፣ ከጅራቱ ሥርና በእግሩ ጣቶች መካከል ናቸው። ጊዜ ባጠረዎት ቀን ሌላውን ትተው እነዚህን ብቻ በጣትዎ ዳስሰው ቢያልፉ ትልቅ ነገር ሠርተዋል።

ትንሽ ትብትብ ሲያገኙ በአንድ እጅ ጣቶች ሥሩን ከቆዳው ጋር አጥብቀው ይያዙ፤ እንዲህ ሲያደርጉ መሳቡ ቆዳውን አይደርስበትም። በሌላው እጅ ጣቶች ትብትቡን ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ ይቅደዱት፤ ከዚያ በማበጠሪያው ጫፍ ጥቂት ጥቂት አድርገው ያፍታቱት። በመቀስ ከሥሩ ለመቁረጥ አይሞክሩ። ትብትቡ ቆዳውን ወደ ውስጥ ስቦ ስለሚይዘው ጠጉር የቆረጡ መስሎዎት ቆዳ ይቆርጣሉ። የጠጠረና ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ከሆነ ወደ እንስሳት ሕክምና ይውሰዱት፤ በመላጫ መኪና ይነሳለታል። ጠጉር መልሶ ይበቅላል።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላል ያገራችን ተረት። ለትብትብ ግን የተረቱ ሁለተኛ ክፍል መገልበጥ አለበት፤ ሳይረጥብ በደረቁ ነው መፈታት ያለበት። ውሃ የነካው ትብትብ እንደ ታጠበ የሱፍ ሹራብ ይኮማተራል። በመሆኑም ምንጊዜም ገላውን ከማጠብ በፊት ማበጠር ግድ ነው።

ስለ ማጠብና ስለ ክረምት

ጤነኛ ውሻ በወር አንድ ጊዜ ወይም በቆሸሸ ጊዜ ቢታጠብ ይበቃዋል። ለልብስ የሚሆን የዱቄት ሳሙና ቆዳውን ያደርቃል፣ ያሳክካል። ለውሻ የተሠራ ሻምፑ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የሕፃናት ሻምፑ ጥቂት አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ለብ ባለ ውሃ በሳፋ ውስጥ ይጠቡት። ውሃ ወደ ጆሮው ቀዳዳ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ሳሙናው ከሥር ፈጽሞ እስኪለቅ ደጋግመው ያለቅልቁት። በፎጣ ሲያደርቁ እያሹ ሳይሆን እየጫኑ ውሃውን ይምጠጡ፤ ማሸት አዲስ ትብትብ ይሠራል። እስኪደርቅ ብለው በከሰል ምድጃ አጠገብ አያስሩት። ረዥም ጠጉር እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ደግሞ ሰውንም እንስሳንም ይገድላል።

በክረምት በየቀኑ ገላውን ማጠብ አያስፈልግም። ከውጭ ሲገባ አራቱን እግሮቹንና ሆዱን ብቻ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቆ፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ጭቃ አውጥቶ በሚገባ ማድረቅ ይበቃል። በእግሩ መዳፍ ሥር የበቀለውንና በዓይኑ ላይ የተደፋውን ጠጉር ማሳጠር ይጠቅማል። ይህን ሥራ ግን ውሻው የሚፈራገጥ ከሆነ ለባለሙያ ይተዉለት። በዓይኑ ጠርዝ የሚጠራቀመውን እንባ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጥጥ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ሌላ ጥጥ እየያዙ ይጥረጉት።

በብዙ ቤት አያት ወይም አማት ውሻ ከመኝታና ከማዕድ እንዲርቅ ይፈልጋሉ። ነገሩ ሊያጣላ አይገባም፤ ከጤና አንጻር ሲታይ የእርሳቸው ሐሳብ ትክክል ነው። በረንዳ ላይ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብና ንፋስ የማያገኘው፣ ደረቅ ምንጣፍ ያለው ማደሪያ ከተዘጋጀለት ውሻው አይጎዳም። ለጠጉራም ውሻ ዋናው ጠላቱ እርጥብ መኝታ ነው።

ከቶ የማይደረጉ ነገሮች

ለሰው ጠጉር መልካም የሆነው ቅቤ ለውሻ አይሆንም። አቧራና ጭቃ ይስባል፤ ውሻውም ይልሰውና ተቅማጥ ይይዘዋል። ቁንጫና መዥገር ለመግደል በሚል ነጭ ጋዝ መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ከዚህ ይልቅ የከፋው ለእርሻ የተገዛውን የተባይ መድኃኒት በግምት በጥብጦ ማፍሰስ ነው። ውሻው በሰዓታት ውስጥ አረፋ ደፍቆ ሊሞት ይችላል፤ በጠጉሩ ላይ የቀረው መርዝም የሚያቅፈውን ሕፃን ያገኘዋል። የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት በውሻው ክብደት ተለክቶ በእንስሳት ጤና ባለሙያ መታዘዝ አለበት። መዥገር ሲገኝም በእሳት ወይም በቤንዚን ሳይነኩ፣ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብና እጅን መታጠብ ነው። ቆዳው እስኪታይ በምላጭ መላጨትም በእንጅባራ ብርድ ከባድ ጉዳት ነው። ማሳጠር ከተፈለገ ቢያንስ የጣት ውፍረት ያህል ይተዉለት።

የውሻው ጠጉርና የልጆች ጤና

ቁንጫ መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሲያበጥሩ የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉት። ብናኙ ሲሟሟ ቀይ ቡናማ ከሆነ አፈር አይደለም፤ ቁንጫ የመጠጠው ደም ነው። ሕፃን ልጅ በጨዋታ መካከል ቁንጫ ቢውጥ የውሻው ኮሶ ትል ወደ እርሱ ሊተላለፍ ይችላል። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካዩ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ሳይታከም ልጆች እንዳይነኩት ያድርጉ።

በበዓል ጊዜ በየቤቱ በግ ሲታረድ ደግሞ የተበላሸ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ይህ ልማድ መቅረት ይኖርበታል። በጉበቱና በሳንባው ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ጠጉሩ፣ ከጠጉሩ ወደ ልጆች እጅ ያልፋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ዓመታት ቆይቶ በቀዶ ሕክምና እስከመውጣት የሚያደርስ እባጭ ያስከትላል። የተበላሸው አካል መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ስለዚህ ውሻውን ያበጠረ ሰው ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሊጥ አይንካ፣ እንጀራ አይቁረስ። የትል መድኃኒትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በወቅቱ ይሰጠው። ክትባት የወሰደ ውሻ እንኳ ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ መሆኑ አይዘንጋ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል፤ በጊዜ ከደረሱበት ግን መከላከል ይቻላል።

ሥራው የማን ነው?

ውሻ እንዲገዛ የሚለምኑት ልጆች፣ ይግባ ብለው የሚፈቅዱት አባት፣ ውሎ አድሮ የሚያጥቡትና የሚያበጥሩት ግን እናት ብቻ ሲሆኑ በብዙ ቤት ይታያል። ከሥራ ደክማ ገብታ ወጥ የምትሠራ እናት ይህንንም ከጨመሩባት ነገሩ እንደሚረሳ ግልጽ ነው። ስለሆነም ገና ከመነሻው ሥራው በስም ይከፈል። ሰኞ የእገሌ፣ ማክሰኞ የእገሊት ተብሎ በወረቀት ተጽፎ ቢለጠፍ ጥሩ ነው። አባትም ተራው ይድረሰው። ትንንሽ ልጆች ብሩሹን ይያዙ፣ ግን አዋቂ አጠገባቸው ይኑር፤ ውሻ ሲያመው እንደሚነክስና መቼ ማቆም እንዳለባቸው የሚማሩት በዚህ ነው። በቀን 10 ደቂቃ የሚሰጥ ሰው በቤቱ ከሌለ ጠጉሩን በየሁለት ወሩ ማሳጠር፣ ወይም አጭር ጠጉር ያለውን ያገራችንን ውሻ ማሳደግ ይሻላል። ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ለቤተሰቡም ለውሻውም ደግነት ነው።

እነዚያ የእንጅባራ እናት ዛሬ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀናቸው ነበር። ማታ ቡና ከተጠጣና ሲኒው ከተነሳ በኋላ፣ ልጃቸው ቡቺን በጭኑ ላይ ያስተኛል፤ አባትየው ጆሮውን ቀና አድርገው ይይዛሉ። ልጁ መጀመሪያ በጣቱ ከጆሮው ሥር ይዳስሳል፤ ምንም ሳያገኝ ሲቀር «የለም» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ማበጠሪያው የሚነሳው።

እርስዎም ዛሬ ማታ ውሻዎን ሲያበሉ እጅዎን ከጆሮው ሥር አንድ ጊዜ ያሳልፉ።